እናታችን የትኛውን ስልክ ትያዝ?

በየቤታችን ሳናስተውለው ክርክር ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ የእጅ ስልክ ነው። ልጆች «ያን አሮጌ ቀፎ ጣይውና ታች እንግዛልሽ» ይላሉ። እናቶች ደግሞ «የለመድኩት ይበቃኛል፤ ቁልፉን ስጫን ይታወቀኛል» ብለው ይመልሳሉ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ፣ በአዳማም፣ በመቂም፣ በባቱም ይህ ንግግር ያልተሰማበት ቤት ብዙ አይመስለኝም። ለመሆኑ የሚሻለው ባለ ቁልፉ ስልክ ነው ወይስ በጣት እየተዳሰሰ የሚሠራው ባለ መስተዋቱ?

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የአዲስና የአሮጌ፣ የወጣትና የሽማግሌ ጠብ ይመስላል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። የዛሬው ስልክ ሰላም መባባያ ብቻ አይደለም። ቦርሳችን ነው፤ የገንዘብ ሣጥናችን ነው፤ የዕቁብ መዝገባችን ነው። ስለዚህ «የትኛው ስልክ?» ብለን ስንጠይቅ በውስጠ ታዋቂ «የእናታችንን ቦርሳ ማን ይከፍታል?» ብለን መጠየቃችን ነው። ዛሬ ልታስቡበት የምጋብዛችሁ ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቁልፍ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ ኑሮዬን የመሠረትኩት በቁልፍ ነውና። በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ናዝሬት በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ስቀጠር ከፊቴ የተቀመጠው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነበር። ያስተማሩን መምህርት እጃችንን በጨርቅ ሸፍነው ያስጽፉን ነበር። «ዐይን ከረቂቁ፣ ጣት ከቁልፉ» ይሉናል። ከጥቂት ወራት በኋላ እውነትም ጣት ያያል። የተመታው ቁልፍ ወርዶ ሲመለስ፣ ድምፁም «ጠቅ» ሲል፣ ፊደሉ በወረቀቱ ላይ እንዳረፈ ሳናይ እናውቃለን።

በነገራችን ላይ የጽሕፈት መኪና ለፊደላችን ቀላል አልነበረም። ዋና ዋናዎቹ 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ድምፅ ስላላቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከም የቁልፍ ገበታ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ብዙውን ፊደል ከግንዱና ከቅጥያው እየገጣጠምን ነበር የምንጽፈው። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመፍጠር ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ከዚሁ ችግር ጋር ነው። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያው ችግር ኋላ በእጅ ስልክም ላይ ተመልሶ ስለመጣ ነው።

የእጅ ስልክ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የሚታይ ነገር ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ነጋዴዋም፣ የቀን ሠራተኛዋም፣ ተማሪዋም ያዙት። የዚያ ዘመን ስልክ ሁሉ ባለ ቁልፍ ነው። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውን 1100 የተባለውን ቀፎ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ይመስለኛል። የተሠራው እንደ እኛ ላሉ አገሮች ታስቦ ሲሆን፣ ቁልፎቹ አቧራ እንዳያስገቡ ሆነው የተሸፈኑ ነበሩ፤ በራሱ ላይም ባትሪ መብራት ነበረው። በመላው ዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። የአዳማን ነፋስና አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደተወደደ መንገር አያስፈልግም። ነፋሱማ ከከተማችን አጠገብ በሁለት ጊዜ ተከላ 51 እና 153 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተደረገ ነፋስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን ሲወጣ ግን የዓለም ሐሳብ ተለወጠ። ቁልፍ ቀርቶ መስተዋት መጣ። ውጭ አገር ትንንሽ ቁልፎችን ደርድሮ በባለ ሥልጣናትና በነጋዴዎች ዘንድ እጅግ የተወደደው ብላክቤሪ እንኳ አልተቋቋመውም፤ የነባር ስልኮቹ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በጥር 4 ቀን 2022 ተዘጋ። በእኛ አገር ግን ባለ ቁልፉ አልጠፋም። ዛሬም በገበያው፣ በእርሻው፣ በጥበቃው ቤት፣ በእናቶቻችን መቀነት ውስጥ አለ። ይህ የሆነው በድህነት ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይመስለኛል። ምክንያቱን እጃችን ይነግረናል።

የመስተዋቱ ስልክ የሚሠራው በግፊት አይደለም። በገጹ ላይ እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ተዘርግቷል። የሰው ጣት እርጥበት ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ገጹን ሲነካ በዚያ ቦታ ያለው ኃይል ይለወጣል፤ ስልኩም «እዚህ ተነካሁ» ብሎ ያውቃል። እንግዲህ አስቡት። ሊጥ ስታቦኩ በሊጥ የተሸፈነ ጣት፣ ልብስ ስታጥቡ ውኃ የሚያንጠባጥብ እጅ፣ ሽንኩርት ስትከትፉ የተነከረ አውራ ጣት ገጹን ቢነካ ስልኩ ግራ ይገባዋል። የውኃው ጠብታም ራሱ እንደ ጣት ሆኖ ሊያታልለው ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ በሥራ የደደረ ጣት ቆዳው ደረቅና ወፍራም ስለሚሆን ስልኩ አያውቀውም። ስለዚህ እናታችን «እንቢ አለኝ» ስትል ስንፍና ወይም ፍርሃት አይደለም። ስልኩ እውነትም እንቢ ብሏታል። ያ ጣት ደግሞ የደደረው እኛን ሲያሳድግ ነው።

በባቱ የአበባ እርሻ የምትሠራ አንዲት የዘመዴ ልጅ አለች። ጓንት አጥልቃ ስትውል ከቤት ቢደወልላት በታች ስልኳ ለመመለስ ጓንቷን ማውለቅ አለባት። በወንጂ ሸንኮራ የሚቆርጥ ሰው፣ በመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም በሣጥን የሚጭን ሰው ችግሩ ይኸው ነው። በቀትር ፀሐይ ደግሞ መስተዋቱ ያብረቀርቅና ጽሑፉ አይታይም። ባለ ቁልፉ ግን ሳይታይም ይሠራል። ስልካችሁን አንሥታችሁ 5 ቁጥርን በጣታችሁ ዳስሱ፤ ትንሽ ጉብታ ታገኛላችሁ። ያቺ ጉብታ ያለ ምክንያት አልተቀመጠችም፤ ጣት በጨለማም ሆነ ያለ ዐይን መካከሉን አግኝቶ ሌሎቹን እንዲቆጥር ነው። ዐይነ ስውርም፣ ዐይኗ የደከመ እናትም፣ መብራት የጠፋባት ሴትም በእሷ ይመራሉ። ሌሊት ሕፃን ታሞ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ሲጠራ፣ ወይም ለፖሊስ በ991 ሲደወል፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህን ያህል ካልኩ «እንግዲያው ባለ ቁልፉ በለጠ» ትሉኝ ይሆናል። አትቸኩሉ፤ ሌላው ወገንም ጠንካራ ማስረጃ አለው።

በባለ ቁልፉ ስልክ ላይ መልእክት የጻፈ ሰው ያውቀዋል። የእንግሊዝኛው ፊደል በስምንት ቁልፎች ላይ ሦስት ሦስትና አራት አራት ሆኖ ተደርድሯል። «ሰላም» የምትለውን አንዲት ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ለመጻፍ 11 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። 231 ፊደላትን በዚያ ላይ መደርደር ደግሞ ከጽሕፈት መኪናው የባሰ ጣጣ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ለዓመታት አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ ኖሩ። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የእንግሊዝኛው ፊደል የእኛን ድምፆች አይለይም፤ «ልጅቷ መጣች» እና «ልጅቷ መታች» በዚያ አጻጻፍ አንድ ናቸው። መጥታ ይሁን መትታ ተቀባዩ ይገምት! ሁለተኛ፣ ፊደል ቆጥራ ማንበብ የምትችል እናት የልጇን መልእክት ማንበብ ተሳናት።

ይህ ሁለተኛው ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። እናቴ ፊደል የለየችው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቀን ስትነግድ ውላ ማታ በኩራዝ ብርሃን «ሀ ሁ» እያለች ስሟን ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አስነብባ አታውቅም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ልጅ ልጇ በስልክ የላከላትን አራት ቃል ይዛ ወደ እኔ መጣች። «ይሄ ደግሞ የማን አገር ፊደል ነው?» አለችኝ። መሃይምነትን ድል አድርጋ የወጣች ሴት በአንዲት ትንሽ ቀፎ እንደገና መሃይም ሆና ስትቀመጥ ይታያችሁ።

ጎረቤታችን አዴ ደግሞ የባሰ ገጥሟቸዋል። በዚያው ዘመቻ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ስለነበር እሳቸው የተማሩት በኦሮምኛ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ኦሮምኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ሲመጣ የልጅ ልጆቻቸው በላቲኑ ፊደል ተማሩ። ቁቤ ለባለ ቁልፉ ስልክ ተስማሚ ነው፤ ወጣቱ በኦሮምኛ እንደ ልቡ ይጻጻፋል። አዴ ግን በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈላቸውን ማንበብ አይችሉም። እንግዲህ በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ አንዷ እናት አማርኛው በላቲን ስለተጻፈባት፣ አንዷ እናት ኦሮምኛው በቁቤ ስለተጻፈባቸው፣ ሁለቱም እኩል አስነባቢ ፈላጊ ሆኑ ማለት ነው።

የመስተዋቱ ስልክ ይህን ቋጠሮ ፈትቶታል። ገጹ ላይ የተቸነከረ ቁልፍ ስለሌለው ገበታው እንደተፈለገ ይለዋወጣል፤ ሲያሻ ቁቤ፣ ሲያሻ ግዕዝ ይሆናል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ከገባ ወዲህ መንገዱ ተጠርጎለታል። ዛሬ አንድ ልጅ ከሻሸመኔ «እማዬ ደኅና ነኝ» ብሎ በሙሉ ፊደል ሲጽፍ እናቱ አዳማ ሆና ታነባለች። አንባቢ ላልሆነችውም መላ አለ፤ ድምፅን ቀርጾ መላክ ይቻላል። አዴ አሁን ቴሌግራም ላይ ለልጅ ልጆቻቸው የሚልኩት ምርቃት ከደብዳቤ ይረዝማል። ልጇ አረብ አገር ሠርታ የምታድርባት እናትም ፊቷን በስልኩ ላይ አይታ «ከስተሻል፤ ምን ነክቶሽ ነው?» ማለት ችላለች። በባለ ቁልፉ ስልክ ልጅቷ «ደኅና ነኝ» ብላ ልትደብቃት ትችል ነበር፤ ፊት ግን አይደብቅም። ይህን ጥቅም የሚያቃልል ሰው ልጁ ርቆበት አያውቅም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቦርሳው እንምጣ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት፣ ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ አገራችን ውስጥ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገበያው ተለውጧል። እናቴ አዳማ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ደንበኞቿ «በቴሌብር ልክፈልሽ?» ማለት ሲያበዙ ልጆቿ ተሰብስበን ለአዲስ ዓመት ታች ስልክ ገዛንላት። ደስ አላት፤ ለጎረቤትም አሳየች። ጣቷ ግን ዕድሜ ልኳን ሙቀጫና ምጣድ የያዘ፣ በበርበሬ የተለወሰ ጣት ነው። አንዱን ስትነካ ሌላው ይከፈታል፤ ደግማ ስትነካ ዝም ይላል። «ና እስቲ አንተ ንካልኝ» እያለች ለ14 ዓመቱ የልጅ ልጇ መስጠት ጀመረች። ልጁም ጨዋ ነው፤ አንድም ሳንቲም አልነካም። የምስጢር ቁጥሩ ግን ከእሷ ይልቅ በእሱ ቃል ውስጥ ተቀመጠ።

አንድ ቀን አብሮ አደጓ ለሆነች ለተቸገረች ሴት በስውር ጥቂት ብር ልትልክላት ፈለገች። ልጁ «አያቴ፣ ይቺ ደግሞ ማን ናት? ለምን ይላክላታል?» ብሎ በየዋህነት ጠየቃት። ያን ለት ማታ ወደ እኔ መጥታ እንዲህ አለች። «ልጄ፣ ባሌ በሕይወት ሳለ ገንዘቤን ቆጥሮብኝ አያውቅም። አሁን የምሰጠውም የምበላውም በልጅ ጆሮ ሆነ።» ማንም አልበደላትም፤ የበደላት ሰው ስለሌለ የምትከሰውም የለም። ሆኖም ከወጣትነቷ ጀምሮ በራሷ መቀነት ቋጥራ በራሷ እጅ ስትፈታ የኖረችው ገንዘብ ከእጇ ወጥቷል። እኅቶቼ፣ የስልክ ነገር ቀልድ አይደለም ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከአሮጌው ቀፎ ነው። ቴሌብር ኢንተርኔት ሳይኖር በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ *127# ተብሎ ሲደወል ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቁጥር ዝርዝር ነው፤ ይህን ለመላክ አንድ ቁጥር፣ ቀሪ ሒሳብ ለማየት ሌላ ቁጥር። ቁጥር የማታውቅ ነጋዴ ደግሞ የለችም። ሲም ካርዷን ወደ አሮጌው ቀፎ መለስንላትና ተራውን እየደጋገመች አጠናችው፤ ባዶ ቀፎ ይዛ እንደ ዘፈን ስታወጣው ሰንብታለች። አዲስ የምስጢር ቁጥርም ብቻዋን ጓዳ ገብታ አወጣች። ታች ስልኩ ሌላ ሲም ገብቶለት ከቤት ተቀምጧል፤ ማታ ማታ እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ መነጽሯን አድርጋ የልጆቿን ፎቶና መልእክት ታይበታለች። ገንዘብ በቁልፉ፣ ናፍቆት በመስተዋቱ ሆነላት። ለሁሉም ቤት ይህ ይሆናል አልልም፤ ሁለት ቀፎ መያዝም ወጪ ነው። ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ይሠራል።

ስለዚህ ለእናታችሁ፣ ለአማታችሁ ወይም ለራሳችሁ ስልክ ስትመርጡ እነዚህን ነገሮች እንድታስቡ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት እጁን ጠይቁ። ስልኩን የሚይዘው እጅ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል? ውኃ፣ ሊጥ፣ አፈር፣ ጓንት ያለበት ሥራ ከሆነ ባለ ቁልፉን አትናቁ። አዲስ ስልክ ሲገዛም በሱቁ ውስጥ ባለቤቷ ራሷ ነክታ፣ ደውላ ትሞክረው፤ ልጅ ሞክሮላት አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ታች ስልክ ከገዛችሁላት እንደመጣ አትስጧት። ጽሑፉን አግዝፉላት፤ ቋንቋውን ወደምታነበው ቋንቋ መልሱላት፤ የፊደል ገበታውን ጫኑላት። በገጹ ላይ የማትፈልገውን ሥዕል ሁሉ አንሡና የምትነካቸውን ሦስት አራት ነገሮች ብቻ አስቀሩላት። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ የምስጢር ቁጥሯን እሷ ብቻ ትወቀው። የእኛም ጆሮ እንዳይሰማው እንጠንቀቅ። «ከባንክ ነው፣ ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ደርሶሻል፣ ቁጥሩን ንገሪኝ» ብሎ የሚደውል ሌባ በበዛበት ዘመን፣ ቁጥሯን ለልጅ መንገር የለመደች እናት ለሌባም መንገር አይከብዳትም። «ለልጄም አልነግር» የሚል ልማድ ከሁሉ የበለጠ ጠባቂ ነው።

አራተኛ፣ በባለ ቁልፉ ስልክ ላይ የልጆቿን ቁጥር በአንዳንድ ቁልፍ ላይ መዝግቡላት። 2ን ስትይዝ ለታላቅ ልጇ፣ 3ን ስትይዝ ለታናሿ ይደውላል። በድንገተኛ ቀን ስም ፍለጋ አትደናበርም።

አምስተኛና ዋናው፣ ነጥቀን አንሥራላት። «አምጪው እኔ ላድርግልሽ» ማለት ለእኛ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለእሷ ግን ሁልጊዜ ለማኝ መሆን ነው። አንድን ነገር አሥር ጊዜ ብትጠይቀን አሥሩንም ጊዜ እሷው እንድትነካ፣ እሷው እንድትሳሳት፣ እሷው እንድታርም እናድርግ። እኛን ማንኪያ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጫማ ማሰር ስታስተምረን ስንት ጊዜ እንደደገመችልን የቆጠረ አለ?

ወደፊት ሌላ ዓይነት ስልክ መምጣቱ አይቀርም፤ ቁልፍም መስተዋትም የማይፈልግ፣ በንግግር ብቻ የሚታዘዝ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜም ልጆች «ያንን ጣይው» ይላሉ፤ እናቶችም «የለመድኩት ይሻለኛል» ይላሉ። የሚመጣው ምንም ይሁን ምን መመዘኛው አንድ ይሁን፦ ይህን ዕቃ እናቴ ማንንም ሳትለምን በገዛ እጇ ልትከፍተው ትችላለችን? መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ አሮጌም ይሁን አዲስ ያ ለእሷ ጥሩ ስልክ ነው።